የውሃ ሂሳብ ከአቅም በላይ ሲሆን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የውሃ ሂሳብ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ ተበድሮ ይከፍላል፣ ወይ ቢሉን አጣጥፎ ያስቀምጣል። ሁለቱም ይጎዱታል። የሚሻለው ቢሉን ከቆጣሪው ጋር አስተያይቶ የመክፈያው ቀን ሳያልፍ ውሃ ቢሮ መድረስ ነው።

በቅድሚያ ቢሉ ላይ ያለው የቆጣሪ ቁጥር ከራሳችሁ ቆጣሪ ጋር አንድ መሆኑን እዩ። ቀጥሎ ንባቡን። በብዙ ቆጣሪዎች ላይ ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኪዩብ ናቸው፤ አንዱ 1,000 ሊትር ነው። ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ያሳያሉ። የቢሉ ንባብ ዛሬ ቆጣሪው ላይ ካለው ከበለጠ ስህተት አለና ፎቶ አንሱ። በግምት የተሞላ ንባብም ጣጣ አለው። በወር 6 ሜትር ኪዩብ የሚጠቀም ቤተሰብ ሦስት ወር ሳይነበብለት ቆይቶ በአንድ ጊዜ ቢነበብ፣ በአንድ ወር 18 እንደተጠቀመ ሊታሰብበት ይችላል። ታሪፉ በእርከን የሚጨምር ከሆነ፣ ማለትም አጠቃቀሙ ሲበዛ የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋም የሚወደድ ከሆነ፣ ከዝቅተኛው እርከን ያለፈው በውድ ዋጋ ይሰላል። ሂሳቡ ለሦስቱ ወራት ተከፋፍሎ እንደገና እንዲሠራ በጽሑፍ ጠይቁ።

ንባቡ ትክክል ከሆነ የሚያፈስ ቦታ ፈልጉ። ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግታችሁ ቀዮቹን አሃዞች ጭምር መዝግቡ፤ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ድገሙት። ቁጥሩ ከተለወጠ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ታንከር ካለ አስቀድሞ ይሙላ፣ አለዚያ ምርመራው ያሳስታል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ ነው። የምግብ ቀለም ጨምሩበትና ውሃውን ሳትለቁ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ የታችኛው ላስቲክ አልዘጋም፤ ድምፅ ሳያሰማ በቀን መቶዎች ሊትር ሊያፈስ ይችላል። አዲስ ላስቲክ ከመግጠም በፊት የሚያርፍበት ጠርዝ ከቆሻሻ ይጽዳ፣ ካልጸዳ አዲሱም ያፈሳል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚጥል ቧንቧም በቀን 20 ሊትር ገደማ ይወስዳል። የጥገናውን ደረሰኝና ከጥገናው በፊትና በኋላ ያለውን የቆጣሪ ንባብ አስቀምጡ፤ ከመሬት በታች ለተደበቀ ብልሽት ቅናሽ የሚያደርጉ የውሃ ድርጅቶች አሉ፣ ማስረጃ ግን ይፈልጋሉ።

ከሁሉ የሚያንገበግበን ግን የጋራ ቆጣሪ ነው። የመጀመሪያው 5 ሜትር ኪዩብ በርካሽ ይሰላል እንበል። አራት ተከራይ ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 5 ቢጠቀሙ፣ ለየብቻ ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በርካሹ ይከፍሉ ነበር። አንድ ቆጣሪ ላይ ሲደመሩ 20 ይሆናሉ፤ 15ቱ በውዱ እርከን ይወድቃል። ለድሃ የታሰበው ዝቅተኛ ታሪፍ ድሃውን ያልፈዋል ማለት ነው። የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ካልተቻለ፣ በመለኪያው የሚጠቀሙት ቤተሰቦች ቁጥር ተመዝግቦ እርከኑ በዚያው ልክ እንዲሰላ አከራዩም ተከራዮቹም በጋራ ፈርመው ይጠይቁ። ይህን አሠራር የማይቀበል ቢሮ ቢኖርም ጥያቄው በመዝገብ መግባቱ ይጠቅማል።

ለክፍያ ስትደራደሩ የማትጨርሱትን ቃል አትግቡ። ውዝፉን የምትከፍሉት ከየወሩ አዲስ ሂሳብ በተጨማሪ ነው፤ ሁለቱን ደምራችሁ በየወሩ የምትችሉትን ብቻ ጥቀሱ። አንድ ወር ከተቋረጠ ስምምነቱ ሊሰረዝ፣ ውሃውም ሊቆረጥ ይችላል፤ መልሶ ለማስቀጠልም ተጨማሪ ክፍያ አለው። የምትከራከሩበት ሂሳብ ካለ ያልተከራከራችሁበትን ክፍል ክፈሉና ደረሰኝ ያዙ። ለአነስተኛ ገቢ የሚሰጥ ቅናሽ ባለበት ቦታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ካላመለከታችሁ አይሰጥም። የገቢና የቤተሰብ ብዛት ማስረጃ፣ ብዙ ውሃ የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ካለም የሐኪም ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡ፤ የማመልከቻውን መዝገብ ቁጥርም ሳትቀበሉ አትውጡ።

ውሃ አቅራቢዎችንም አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ የክፍያ ስምምነትና የቅናሽ ማመልከቻ እንዴት እንደሚቀርብ ቢሉ ጀርባ ላይ በግልጽ ይታተም፣ የመቁረጫ ማስጠንቀቂያው ላይም ይደገም።