ሠንጠረዥ አንድ የቀጠሮ ቀን አይደለም

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ ኒታዚን ስለሚባሉት ኃይለኛ ሰው ሠራሽ አደንዛዥ ኬሚካሎች የጻፋችሁትን አነበብኩ። የአማርኛ ጋዜጣ ይህን ማንሳቱ በራሱ ደስ ይላል። ጽሑፉ ግን «ስቴቶቹ አንድ በአንድ እየከለከሉት ነው» ብሎ አበቃ። ለእኛ ወሬው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

እኔ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነኝ። ችሎት ውስጥ የሰማሁትን ውጭ አላወራም። የምነግራችሁ ከቅዳሴ በኋላ ደጅ ላይ የገጠመኝን ነው፤ ለዚህም አስፈቅጃለሁ።

አንዲት እናት ከነጠላቸው ስር የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የወንድማቸው ልጅ ኪሱ ውስጥ ክኒን ተገኝቶበት ተይዟል። «ልጄ፣ እስቲ ይህቺን አንብብልኝ። ሼጁል ዋን ትላለች። ቀጠሮው በወሩ መጀመሪያ ቀን ነው ማለት ነው?» አሉኝ።

ምን ይፈረድባቸዋል? እኛ ሼጁልን የምናውቀው ከሥራ ቦታ ነው። ሼጁሌ ተቀየረ። ሼጁል ገና አልወጣም። ቅዳሜ ሼጁል ላይ አለሁ።

«እማማ፣ ይሄ የቀን ነገር አይደለም። ሠንጠረዥ ማለት ነው። አገር ቤት ከደመወዝ ግብር ሲቆረጥ ሠንጠረዥ ሀ ይባል የለ? እንደሱ» አልኳቸው።

«ታዲያ ግብር ስላልከፈለ ነው የያዙት?»

እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

እዚያ ቆመን ያስረዳኋቸውን ለእናንተም ልድገመው። በፈረንጆቹ 1970 የወጣው የፌደራል ሕግ ሱስ የሚያስይዙ ነገሮችን በአምስት ሠንጠረዥ ከፍሏቸዋል። አንደኛው ላይ የሚገቡት እዚህ አገር ለሕክምና ተቀባይነት የላቸውም የተባሉት ናቸው። ሄሮይን እዚያ ነው። ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ ፌንታኒል ግን ሁለተኛው ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሆስፒታል በየቀኑ ይጠቀምበታል። ልጅዎን ኦፕራሲዮን ሲያደርጉ ሳይሰጡት አይቀሩም። ኒታዚኖች ደግሞ የትም አገር ፋርማሲ ገብተው አያውቁም። ስለዚህ ቦታቸው አንደኛው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልንቀፍ። ርዕሳችሁ «አዲሱ አደንዛዥ ዕፅ» ይላል። ዕፅ ማለት ተክል ነው፤ ዕፀ በለስ እንደምንለው። ኒታዚን ቅጠል የለው፣ ሥር የለው፣ ማሳ የለው። አዲስም አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ ባዝል፣ ስዊዘርላንድ፣ ሲባ የሚባለው የመድኃኒት ኩባንያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የተፈጠረው። ሕመም ማስታገሻ ይሆናል ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ኃይሉ ከልክ ያለፈ ሆነ፤ ትንፋሽ ያቆማል። ተትቶ መጽሔት ውስጥ ቀረ። ከ60 ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ያንን መጽሔት ገለጠው። ይህ «ዕፅ» የሚለው ቃል ወላጆቻችንን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። እነሱ የሚፈሩት የሚጨስና የሚሸት ነገር ነው። ልጁ ኪስ ውስጥ ያለው ግን ሰማያዊ ክኒን ነው። ኤም 30 የሚል ተቀርጾበታል፤ ቁርጥ የሐኪም መድኃኒት ይመስላል። ልጆቹ «ፐርክ» ይሉታል።

ወደ ሠንጠረዡ ልመለስ። ቻይና በግንቦት 2019 የፌንታኒል ዝርያዎችን በሙሉ በአንድ ላይ ከለከለች። በዚያው ዓመት ኢሶቶኒታዚን የሚባለው ገበያ ላይ ብቅ አለ። የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት በነሐሴ 2020 እሱን በጊዜያዊነት ሠንጠረዥ አንድ ላይ አስገባው። ሠሪዎቹ ሌላ አመጡ። በሚያዝያ 2022 ሰባት ተጨመሩ። ሌላ አመጡ። ኬሚስቱ የሚሠራው እኮ ከባድ ነገር አይደለም። ሞለኪውሉን ይይዝና አንዷን ጫፍ ነቅሎ ሌላ ይተክልባታል። ሰውነት ውስጥ የሚሠራው ያው ነው። ስሙ ግን ሌላ ነው። ስሙ ሌላ ከሆነ ሠንጠረዡ አያውቀውም።

ለዚህ ነው በስም ሳይሆን በቤተሰብ፣ ማለትም ዘመድ የሆኑትን ኬሚካሎች በሙሉ በአንዴ፣ መከልከል የመጣው። ብሪታንያ ኒታዚንን በጥር 2025 እንዲህ አደረገች። ቻይናም በዚያው ዓመት በሐምሌ። አሜሪካም በሐምሌ 2025 ለፌንታኒል ዘመዶች ይህንኑ ቋሚ ሕግ አደረገችው። ተመራማሪዎች ፈቃድ ማግኘት ይከብደናል ብለው ያጉረመርማሉ፤ እውነት አላቸው። እኔ ግን በቤተሰብ መከልከሉን እደግፋለሁ። አይጥና ድመት መጫወቱ ሰው እየገደለ ነው።

«ዋሽንግተን ከከለከለው ስቴቱ ለምን ይደግመዋል?» ትሉ ይሆናል። አብዛኛው የመድኃኒት ክስ የሚታየው በስቴት ፍርድ ቤት ስለሆነ ነው። የካውንቲው ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የሚሠሩት በስቴቱ ሕግ ነው። ስሙ የስቴቱ ሠንጠረዥ ላይ ከሌለ እጃቸው አጭር ነው። የቨርጂኒያ አሠራር ብልህ ይመስለኛል። የስቴቱ የፎረንሲክ ላብራቶሪ አዲስ ኬሚካል ሲያገኝ ለፋርማሲ ቦርዱ ይነግራል። ቦርዱ እንደራሴዎቹን ሳይጠብቅ ደንብ አውጥቶ ሠንጠረዡ ላይ ያስገባዋል። ግን ለ18 ወር ብቻ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሪችመንድ ያሉት እንደራሴዎች በሕግ ካላጸደቁት ስሙ ከሠንጠረዡ ይወጣል። ባለሙያው ይፈጥናል፣ የተመረጠው ሰው ኋላ ይጠየቅበታል።

መዘርዘሩ ለተከሳሽም ይጠቅማል። ይህን የምለው ከኛው ቤት ምሳሌ ስላለኝ ነው። ጫትን ውሰዱ። የፌደራሉ ሠንጠረዥ ላይ «ጫት» የሚል ተክል የለም። ውስጡ ያለው ካቲኖን ግን ከ1993 ጀምሮ ሠንጠረዥ አንድ ላይ ነው፤ ከሄሮይን ጎን። ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖኑ ወደ ካቲን ይቀየራል፤ ካቲን ደግሞ ሠንጠረዥ አራት ነው። ትኩስና ደረቅ ቅጠል በሕግ ፊት ሁለት የተለያየ ነገር! ሐረር ላይ በርጫ የጀመረ ሰው ይህን ከየት ያውቃል? የካቲኖን ሰው ሠራሽ ዘመዶች ደግሞ «ባዝ ሶልትስ» ተብለው ሲሸጡ ነበር። እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ቻርሎትስቪል ላለ ሱቅ ያቀርብ የነበረ ሰው ጉዳይ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2015 እንዲህ አለ፤ ሠንጠረዡ ላይ በስም የሌለ ነገር «ከተከለከለው ጋር ይመሳሰላል» ተብሎ ሰው ሲከሰስ፣ የያዘው ነገር የተከለከለ መሆኑን ወይም ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ማወቁ መረጋገጥ አለበት። ዝርዝሩ ግልጽ ሲሆን ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ይቀንሳል።

አሁን ጽሑፋችሁ ወደዘለለው ነገር ልምጣ።

ሠንጠረዥ አንድ ሻጩን ብቻ አይመለከትም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከሠንጠረዥ አንድ ወይም ሁለት የሆነ ነገር ኪስ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ፌሎኒ፣ ማለትም ከባድ ወንጀል፣ ነው፤ እስከ 10 ዓመት ሊያሳስር ይችላል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ ከእስሩ የሚብስ አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከተከለከለ መድኃኒት ጋር በተያያዘ ጥፋተኛ ከተባለ ከአገር ሊባረር ይችላል። ሕጉ የሚተዋት አንዲት ነገር፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና ለራስ መያዝ ነው፤ ያውም አንዴ ብቻ። አንዲት ክኒን ይበቃል ማለት ነው።

የስቴቱ ሠንጠረዥ ከፌደራሉ ጋር መግጠም አለመግጠሙ ሕይወት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ካንሳስ ውስጥ አንድ የቱኒዚያ ተወላጅ ካልሲው ውስጥ አደራል የሚባል የሐኪም መድኃኒት አራት ክኒን ተገኘበት። ካልሲዋ ራሷ «የመድኃኒት መያዣ ዕቃ» ተብላ ተቀጣ፣ ከአገርም ተባረረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2015፣ ሰባት ለሁለት፣ መባረሩ ልክ አይደለም አለ። ከአገር የሚያስባርረው የፌደራሉ ሠንጠረዥ ላይ ያለ ነገር ነውና። የካንሳስ ሠንጠረዥ የፌደራሉ የማያውቃቸው ቢያንስ ዘጠኝ ነገሮች ነበሩበት፤ የክሱ ወረቀት ደግሞ የትኛው እንደሆነ አይናገርም ነበር። ቨርጂኒያን በተመለከተ፣ ሪችመንድ ያለው የፌደራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2020 በስቴቱ ሕግ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ለየብቻው ወንጀል ነው ብሏል። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የሰፈረችው ያቺ አንዲት የማትነበብ የኬሚካል ስም፣ ልጁ አሌክሳንድሪያ ይቀር ወይስ ቦሌ ያርፍ የሚለውን ልትወስን ትችላለች። ስቴቱ ቀድሞ ያስገባት፣ ዋሽንግተን ገና ያልደረሰባት ኒታዚን ልትሆን ትችላለች። ላትሆንም ትችላለች። ይህን የሚያውቀው የኢሚግሬሽን ሕግ የገባው ጠበቃ ነው።

ሰዎቻችን የሚወድቁበት ጉድጓድ ደግሞ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተያዘ ሰው ቨርጂኒያ ምሕረት ያለው መንገድ አላት። ጥፋተኛ ነኝ ትላለህ፣ የሙከራ ጊዜህን በሥርዓት ትጨርሳለህ፣ ክሱ ይሰረዛል። ቤተሰብ እልል ይላል። ኢሚግሬሽን ግን ያንን «ጥፋተኛ ነኝ» እንደ ፍርድ ይቆጥረዋል፤ ስቴቱ ቢሰርዘውም። ከዓመታት በኋላ ሰውየው ለዜግነት ሲያመለክት ወይም አገር ቤት ደርሶ ሲመለስ ኤርፖርት ላይ ይጠብቀዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ከፈረደ ወዲህ የወንጀል ጠበቃ ይህን አስቀድሞ ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። ያንን ፍርድ ያስገኘው ሰው ኬንታኪ ላይ ማሪዋና ጭኖ የተያዘ የትራክ ሹፌር ነበር፤ የቬትናም ዘማች፣ ከ40 ዓመት በላይ እዚህ የኖረ። ጠበቃው «ብዙ ስለኖርክ አትጨነቅ» ብሎት ነበር። ትራክ የምትነዱ ወንድሞች፣ ይህን ልብ በሉ።

ስለዚህ አቋሜ ይኸው። ኒታዚኖች በቤተሰብ ይከልከሉ፤ የስቴቱና የፌደራሉ ሠንጠረዥም ይናበብ። ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲያቀርብ የላብራቶሪውን ውጤትና የንጥረ ነገሩን ስም ይጻፍ፤ «ሠንጠረዥ አንድ» ብሎ ብቻ አይለፍ። ክኒን ውስጥ ምን እንዳለ የሚያሳዩ የመመርመሪያ ወረቀቶችን የሚፈቅዱ ሕጎች ደግሞ ፌንታኒልን በስም ጠርተው ብቻ አይቁሙ። የፌንታኒሉ ወረቀት ኒታዚንን አያይም። ለኒታዚን የተሠራ ወረቀት ለብቻው አለ፤ እሱም አንዳንዶቹን ይስታል።

እናንተን የምለምነው ግን ሌላ ነው። በ2024 በአገሪቱ ወደ 80 ሺህ ሰው መድኃኒትና አደንዛዥ ነገር ከመጠን በላይ በመውሰድ ሞቷል፤ ቁጥሩ ከቀድሞው ዓመት በጣም ወርዶ ነው ይህ። ከመውረዱ ምክንያቶች አንዱ ናርካን፣ የተዘረረን ሰው ትንፋሽ የሚመልሰው መድኃኒት፣ ነው ይባላል። ከ2023 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ አፍንጫ ውስጥ ይነፋል። ለኒታዚንም ይሠራል፤ ሆኖም አንዱ ላይበቃ ይችላል። 911 ተደውሎ ሰውየው በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ መተንፈስ ካልጀመረ ሁለተኛው ይሰጣል። የኛ ሰው ፖሊስ ይመጣል ብሎ መደወል ይፈራል። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን ለተዘረረ ሰው እርዳታ የጠራና እዚያው የቆየ ሰው፣ የተዘረረውም ጭምር፣ በያዘው መድኃኒት ምክንያት እንዳይታሰር ሕግ ይጠብቀዋል። ይህንን በትልቁ አውጡት። የልጆች ልደትና የቤት ኪራይ ማስታወቂያ ከሚወጣበት ገጽ ላይ ቢሆን ይሻላል፤ ሁሉም የሚያነበው እሱን ነው።

እማማ ያን ቀን በመጨረሻ «ታዲያ የልጁ ክኒን የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት። የላብራቶሪው ውጤት ገና አልመጣም። አስተርጓሚ ምክር አይሰጥም፤ ጠበቃውን ይጠይቁ አልኳቸው። ስልኬን ተቀብለው እዚያው ደወሉ። ጠበቃው ሲያነሳ ያወቁትን እንግሊዝኛ ሁሉ አሰባስበው፣ «ኖ ሳይን። ግሪን ካርድ። ፈርስት ላብ» አሉት። ሰውየው ገብቶታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስተርጓሚ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ