ሳይፈተሽ «ተፈትሿል» ስለተባለው ኮምፒውተሬ የቀረበ ቅሬታ

ለኮምፒውተር መሸጫና መገጣጠሚያው ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ያዘዝኳችሁ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ነው። የትዕዛዙን ዝርዝር አልደግምም፤ ዝርዝሩም ቀብዱም እናንተ ጋ ነው።

ቀብድ ስከፍል እርስዎ ራስዎ «ፓምፑ ብቻውን 24 ሰዓት ሠርቶ ሳናየው ማሽኑ ከዚህ ቤት አይወጣም» ብለውኝ ነበር። አምኜ የከፈልኩት ለዚህ ነው። በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ሲገጣጠም ዋናው ሥራ ይሄ ፍተሻ ነውና። ማዘርቦርዱና ግራፊክስ ካርዱ ኃይል ሳያገኙ ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ብቻ ይነሳል። ውሃ ካፈሰ እንዲታይ በየመገጣጠሚያው ሥር ሶፍት ይነጠፋል። ሶፍቱ እስከ መጨረሻው ደረቅ ከሆነ በኋላ ነው ሌላው የሚበራው።

«አልቋል፣ ተፈትሿል፣ ና ውሰድ» ተብዬ ስመጣ ማሽኑ ሁሉ ነገሩ በርቶ ጠበቀኝ። የጎን መስታወቱን አስከፈትኩ። የሞቀው ውሃ ወደሚበርድበት ራዲያተር ከሚሄደው ቱቦ ሥር፣ ግራፊክስ ካርዱ ጀርባ ላይ፣ የውሃ ጠብታ ነበር። በጣቴ ነካሁት። ባለሙያችሁን «24 ሰዓት ተፈትሿል?» ብዬ ጠየቅኩት። «መብራት እየሄደ አስቸገረን። ግማሽ ሰዓት አይተነዋል፣ አብሽር» አለኝ። ጠብታውን ሳሳየው «ይደርቃል» አለ። እባክህ አጥፋው ብዬ ስለምነው፣ ሱቁ ሰው ሞልቶ እያለ፣ «ለጌም እኮ ነው! የሆስፒታል ማሽን መሰለህ እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ገንዘቤን ስትቀበሉ ለጌም መሆኑን ታውቁ ነበር። ያኔ ማንም አልሳቀም። መብራት እንደሚሄድም ታውቁ ነበር። ከሄደ ፍተሻው እንደገና ይጀመራል፣ በቃ። ዘገየ ብዬ አልቆጣም ነበር። የሚያስቆጣኝ ያልተሠራውን «ተሠርቷል» መባሌ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የተጋመሰ የታሸገ ውሃ አየሁ። ለካ ማሽኑ ውስጥ የገባው እሱ ነው! «ንጹህ ነው፣ እኛም እንጠጣዋለን» ተባልኩ። ለመጠጥማ ንጹህ ነው። ግን ማዕድን አለበት። ማዕድን ያለው ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ዝቃጭም ይተዋል። መግባት ያለበት ዲስትልድ ውሃ (ተንኖ ከማዕድን የተጣራ) ከዝገትና ከአልጌ መከላከያ ጋር፣ ወይም ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት) ነው።

ራዲያተሩም ያዘዝኩት አይደለም። የመዳብ ነበር ያልኩት፤ የተገጠመው አልሙኒየም ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ብሎክ፣ ውሃው አልፎበት ሙቀቱን የሚወስድበት ማለት ነው፣ መዳብ ነው። ሁለቱ በአንድ ውሃ ከተገናኙ አልሙኒየሙ እየተበላ ይሄዳል። ለዚሁ ራዲያተር ነው እንግዲህ «ኮምቦልቻ መጋዘናችን ገብቷል፣ ሄደህ ተቀበል» ብላችሁ የሐረጎን ቁልቁለት ያስወረዳችሁኝ። መጋዘኑ ዝግ ነበር፣ ስልካችሁም አይነሳም። ደረሰኜንም እስካሁን አላየሁም።

ስለዚህ ውሃው ይውጣ፣ ማሽኑ ይድረቅ፣ ራዲያተሩ በመዳብ ይቀየር። የ24 ሰዓቱ ፍተሻ እኔ ባለሁበት ይጀመር፤ ሲያልቅም እኔው ልይ። ግራፊክስ ካርዱ ጠብታው ጎድቶት ከሆነ በአዲስ ይተካ። ባለሙያችሁም በሰው ፊት እንደሳቀብኝ በሰው ፊት ይቅርታ ይጠይቀኝ። ይህን እንደ ትንሽ ነገር አትዩብኝ።

እስከ ሰኞ መልስ ካላገኘሁ ጥገናውንም አልፈልግም፤ የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ ይመለስልኝ። እሱንም እንቢ ካላችሁ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ለከተማው የንግድ መሥሪያ ቤት አመለክታለሁ። የጠብታውን ፎቶ በስልኬ ይዣለሁ።

እስከዚያው ማሽኑን ማንም እንዳያበራው አደራ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ