የመብት አቤቱታ እዚሁ ይቋጭ፤ ለአማራ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ጠቅላይ ፍርድ ቤት
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የሰብዓዊ መብት አቤቱታዎች አቀባበልና የትእዛዝ አጻጻፍ እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የፍርድ ቤቱ ኃላፊዎችና ዳኞች፣

የሰብዓዊ መብት ክርክር ከአገር ወጥቶ በጋምቢያ ዋና ከተማ ባንጁል ካለው የአፍሪካ ሰብዓዊና ሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ሲደርስ መጀመሪያ የሚገለጠው የአገር ቤቱ መዝገብ ነው። የሰብሲዲያሪቲ መርህ የሚባለውም ይኸው ነው፤ መብትን የማስከበር ቀዳሚው ግዴታ የአገር ውስጥ ፍርድ ቤቶች ሲሆን የውጭው አካል የሚገባው እነሱ ሲያቅታቸው ወይም ሳይፈልጉ ሲቀሩ ነው። አውሮፓውያን መርሁን በ15ኛው ፕሮቶኮል በሰብዓዊ መብት ስምምነታቸው መግቢያ ላይ አስፍረውታል፤ ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2021 ጸንቷል። በእኛ አህጉር ደግሞ በአፍሪካ የሰብዓዊና ሕዝቦች መብቶች ቻርተር (የአፍሪካ ቻርተር) አንቀጽ 56(5) ላይ ይገኛል፤ አቤት ባዩ፣ ሂደቱ ያለአግባብ ካልተጓተተ በቀር፣ የአገር ውስጥ መፍትሔዎችን አስቀድሞ አሟጦ መጨረስ አለበት።

ይህ መርህ የመንግሥት መከለያ ተደርጎ ሲጠቀስ እንሰማለን። በእኛ እምነት ሸክሙን የሚጥለው በወረዳና በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ላይ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 13(1) በየደረጃው ያሉ የፌዴራልና የክልል የዳኝነት አካላት መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ኃላፊነት እንዳለባቸው ይናገራል፤ አንቀጽ 9(4) ደግሞ የጸደቁ ስምምነቶችን የአገሪቱ ሕግ አካል ያደርጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1998 የተቀበለችው የአፍሪካ ቻርተር በወረዳ ችሎት ሊጠቀስ የሚችል ሕግ ነው ማለት ነው።

በአርሲ የተፈጸመውን የጠለፋ ጉዳይ አስታውሱ። የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ወረዳ ፍርድ ቤቱ ጠላፊውን በ10 ዓመት እስራት ቀጣ፤ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው፤ ከዚያ በላይ ያሉት ችሎቶች፣ የፌዴራል ሰበርን ጨምሮ፣ አላረሙትም። ጉዳዩ ባንጁል ደረሰ፤ ኮሚሽኑም ኢትዮጵያን ጥፋተኛ ብሎ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሳ እንድትከፍል ወሰነ። ልጅቷን ሊታደግ የሚችለው ፍርድ ግን በወረዳው ችሎት ተጽፎ ነበር። የበላይ ችሎቶች እዚያው ቢያጸኑት ኖሮ ያን ሁሉ ዓመት መንከራተት ባላስፈለገ!

የአገር ውስጥ መፍትሔ መሟጠጡን ሲመዝን ኮሚሽኑ የሦስት ነገሮችን መሟላት ያያል፤ መፍትሔው በእጅ የሚደረስበት፣ ውጤት ሊያስገኝ የሚችል እና በቂ መሆኑን። ይህን መለኪያ በጋምቢያ ላይ በቀረበው የጃዋራ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2000 አስፍሮታል። መንግሥት "አልጨረሱም" ብሎ ሲከራከር የቀረው መፍትሔ የትኛው እንደሆነና እንደሚሠራ ማሳየት የራሱ ፈንታ ነው። ከደቅ ደሴት በጀልባ ተሻግሮ ባሕር ዳር የሚመጣ አቤት ባይ ቀጠሮው ችሎት ስላልተሰየመ ብቻ ደጋግሞ ከተሸጋገረበት፣ ያ መፍትሔ በወረቀት ላይ እንጂ በእጁ አይደለም። ችሎት መሰየም ያልተቻለበት ወረዳ ካለም፣ ጉዳዩ በየትኛው ችሎት እንደሚታይ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

አብዝተን የምንጨነቀው ስለ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም ከሕግ ውጭ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ስለሚቀርበው ማመልከቻ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 177 እስከ 179 መንገዱን ዘርግቶታል። በማመልከቻው ላይ፣ ታሳሪው በማን እጅ እንደተያዘ፣ የት እና በምን ሁኔታ እንደታሰረ፣ ማን ሊመሰክር እንደሚችል የሚገልጽ ቃለ መሐላ ይያያዝበታል። ታሳሪው ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ መማል ይችላል። የሚበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። የታሳሪው ፊርማ የለም ተብሎ መዝገብ ሳይከፈት ከተመለሰ፣ በሕግ ያለው መፍትሔ በሬጅስትራር ጠረጴዛ ላይ ሞተ ማለት ነው። "እኛ ጋ የለም" የሚል የፖሊስ መልስ የእስረኛ መዝገብ ሳይቀርብ ከታመነም እንዲሁ። ሰውየው ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ሲዘዋወር በእያንዳንዱ ዝውውር አዲስ አቤቱታ ይምጣ ከተባለ፣ የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተቀመጠው 48 ሰዓት ትርጉም ያጣል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሰበር አቤቱታ ለክርክር ይቅረብ ወይስ አይቅረብ ብሎ የሚያጣራው ችሎት የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። "መሠረታዊ የሕግ ስህተት ስላልተገኘበት አያስቀርብም" የሚል አንድ መስመር ለአመልካቹም፣ ነገ መዝገቡን ለሚያነበው የውጭ አካልም ምንም አይነግርም። የውጭው አካል ራሱን እንደ አራተኛ ይግባኝ ሰሚ አይቆጥርም፤ በአግባቡ የተመረመረ ማስረጃን እንደገና ለመመዘን ይቆጠባል። ምክንያት የተጻፈበት ፍርድ ይህን አክብሮት ያገኛል፤ ምክንያት የሌለው ትእዛዝ ግን የሚከበርለት ነገር የለውም። የተጠየቀው መብት፣ የቀረበው ክርክር፣ ውድቅ የሆነበት ምክንያት፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል።

የፍርድ ግልባጭም እንዲሁ ቀላል ነገር ይመስላል። ቻርተሩ በአንቀጽ 56(6) አቤቱታው በምክንያታዊ ጊዜ ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። በዚምባብዌ ላይ በቀረበው የማጁሩ ጉዳይ 22 ወር ዘግይቷል ተብሎ ሳይታይ ቀርቷል። በግልባጩ ላይ ውሳኔው የተሰጠበትና ግልባጩ የተሰጠበት ቀን ሁለቱም ካልሰፈሩ፣ መዘግየቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት አይቻልም።

ኢትዮጵያ የአፍሪካ ፍርድ ቤትን ፕሮቶኮል ፈርማ አላጸደቀችም፤ ስለዚህ በታንዛኒያ አሩሻ የሚገኘው የዚህ ፍርድ ቤት በር ለዜጋችን ዝግ ነው። ይህም የእናንተን ችሎት ይበልጥ ያከብደዋል።

ስለሆነም ለክልሉ ፍርድ ቤቶች በሙሉ በሰርኩላር እንዲታዘዝልን የምንጠይቀው፦ የአካል ነጻ ማውጣት አቤቱታ በቀረበበት ቀን መዝገብ እንዲከፈትለት፣ ፖሊስ ሲመልስ የእስረኛ መዝገቡን ይዞ እንዲቀርብ፣ የመብት ጥያቄ ያለበት "አያስቀርብም" ትእዛዝ ምክንያቱ እንዲጻፍበት፣ በግልባጭም ላይ ሁለቱ ቀኖች እንዲሰፍሩ ነው። ረቂቁን በማዘጋጀት ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር
በባሕር ዳር በሰብዓዊ መብት ጉዳዮች የምንሠራ የሕግ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ
ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ባሕር ዳር ጽሕፈት ቤት