ዳዊቱ ጀርባ ላይ ያለው ቀን

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? የደብረ ብርሃን ብርድስ? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ እርስዎም «ጮክ በል» እያሉኝ አልሆነልኝም። ስለዚህ ጻፍኩት።

እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ቅዳሜ ቅዳሜ የሐበሻ ልጆችን ኳስ እንደማለማምድ ያውቃሉ። ባለፈው ወር እንደ ወንድም የማየው ወዳጄ፣ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጣ የእህቱን ልጅ ይዞልኝ መጣ። ልጁ ኳስ ሲገፋ ቢያዩት ደስ ይልዎታል። ወረቀቱ 12 ዓመቱ ነው ይላል። ቁመቱና ድምፁ ግን ሌላ ይላሉ። መመዝገቢያውን ስሞላ «ልደትህ መቼ ነው?» አልኩት። ዝም አለ። ቀና ብሎ አጎቱን አየ። አጎቱ ራሱን ነቀነቀለት። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን እንደ ትምህርት ቤት መዝሙር በቃሉ አለልኝ።

አባባ፣ ያ አስተያየቱ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ልጅ የተወለደበትን ቀን ለመናገር ፈቃድ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም ነበር።

በኋላ ወዳጄ ወደ መኪናው ወሰደኝና እውነቱን ነገረኝ። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። «ሁለት ዓመት ምን አላት? ሁሉም የሚያደርገው ነው። ዝም በል እንጂ» አለኝ። ይህን አነጋገር ከዚያ በፊት የሰማሁት በ1993 ዓ.ም. ነው። እርስዎም ሰምተውታል።

ወሩ መስከረም ነበር። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ወርቁን የወሰደ ሰሞን። ከተማችን ውስጥ የማይሮጥ ልጅ አልነበረም። ከ17 ዓመት በታች ምርጫ አለ ተባለ። ሦስት ልጆች ተመርጠው አዲስ አበባ ሊሄዱ ነው። እኔ ሁለተኛ ወጣሁ። ግን 17 ዓመቴ ሐምሌ ላይ ሞልቶ ነበር። መራጩ ሰውዬ ቤታችን ድረስ መጣ። ጠላ ተቀዳለት። «መምህር፣ ከቀበሌ አንድ ወረቀት ነው የሚያስፈልገው። ሁለት ዓመት ቀንሱለትና ልጁ ይለፍለት፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው» አለዎት። እርስዎ የስፖርት አስተማሪ ነበሩ። ቀበሌ ውስጥ ያላስተማሩት ሰው አልነበረም። የአንድ ጠዋት ጉዳይ ነበር።

ምንም አልመለሱለትም። ተነሥተው ዳዊቱን ከራስጌዎ አወረዱ። የመጨረሻውን ገጽ ገልጠው ሰውየው ፊት አስቀመጡት። «ሐምሌ 19 ቀን 1975 ዓ.ም. ሌሊት ተወለደ» ይላል፣ በእርስዎ እጅ ጽሕፈት፣ በቀይ እስክሪብቶ። ሰውየው ጠላውን ሳይጨርስ ሄደ። እኔ በሩ ሥር ቆሜ ነበር። ወደ እኔ ዞሩና «አራተኛ የወጣውን ልጅ ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

አውቀዋለሁ። ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ አንጎለላ የሚመላለስ ልጅ ነው። ገና 15 ዓመቱ ነበር። ያን ቀን የሮጠው በኮንጎ ጫማ ነው። እኔ ስቀር እሱ ሦስተኛ ሆኖ ሄደ። እንኳን ደስ አለህ አላልኩትም። እርስዎንም ለወራት በቅጡ አላናገርኩም። ገበታ ሲቀርብ ቶሎ በልቼ እነሣ ነበር። «አባቴ ዕድሌን ዘጋብኝ» ብዬ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ያን ቂም አሜሪካ ድረስ ይዤው መጣሁ። ይቅር ይበሉኝ አባባ።

ያ ልጅ ስመ ጥር ሯጭ አልሆነም። ጥቂት ዓመት ለክለብ ሮጦ ተመለሰ። ቢሆንም ቦታው የእሱ ነበር።

ለወዳጄ መልስ ከመስጠቴ በፊት ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ከነዚያ ሌሊቶች ባንዱ የዳኒ አልሞንቴን ታሪክ አነበብኩ። ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ የመጣ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ያልበለጠ ልጆች በሚወዳደሩበት የዓለም የቤዝቦል ውድድር ላይ ኳስ ወርዋሪ ነበር። በአንድ ጨዋታ ከተጋጣሚው ቡድን አንድም ልጅ የመጀመሪያዋን ማረፊያ እንኳ ሳይረግጥ አስወጣቸው። ቡድኑ ሦስተኛ ወጣ። የኒው ዮርክ ከንቲባ ሳይቀሩ አከበሯቸው። ጥቂት ቆይቶ አንድ መጽሔት እውነተኛውን የልደት መዝገብ አገኘ። ልጁ 14 ዓመቱ ነው። የተወለደው በ1987 ሆኖ ሳለ፣ በ1989 ተወለደ የሚል ወረቀት አባቱ ነው ያወጣለት። የቡድኑ ድል በሙሉ ተሰረዘ። አባትየው ከውድድሩ ዕድሜ ልክ ታገደ። እኔን ያመመኝ ግን ሌላ ነው። ያ ልጅ እዚህ አገር ትምህርት ቤት እንኳ አልተመዘገበም ነበር። ኳስ ይወረውር፣ ሌላው ይቅርበት ተብሎ ነው። እንግሊዝኛ እንኳ በቅጡ ሳይችል ካሜራ ሁሉ ፊቱ ላይ ተደቀነ።

ያንን አባት ሳነብ እርስዎ ዳዊቱን ይዘው መጡብኝ። ሁለታችሁም ልጃችሁን ትወዳላችሁ። በዚያ አልጠራጠርም።

ወዳጄ «ዶፒንግ እኮ አይደለም» ብሎኛል። ለእኔ ግን አበረታች ቅመም መውሰድና ዕድሜ መቀነስ አንድ ናቸው። ሁለቱም ከኋላ የሚመጣ ሰው ቦታ ይበላሉ። የለንደኑን የእ.ኤ.አ. 2012 ኦሊምፒክ የሴቶች 3 ሺህ ሜትር መሰናክል ያስታውሳሉ? ሩሲያዊቷ ዛሪፖቫ አንደኛ፣ የእኛዋ ሶፊያ አሰፋ ሦስተኛ ወጡ። ኬንያዊቷ ሚልካ ቼሞስ አራተኛ ሆና ባዶ እጇን ወጣች። ዛሪፖቫ አበረታች ቅመም መጠቀሟ ታውቆ ወርቁን የተነጠቀችው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሶፊያ ወደ ብር፣ ሚልካ ወደ ነሐስ ከፍ አሉ። አራት ዓመት አባባ! ሜዳሊያው ይመለስ ይሆናል። ባንዲራዋ ሲሰቀል የምትቆምበት ያ ምሽት ግን ለሚልካ ከየት ይመጣል? አንጎለላ ስንቅ ሊያመጣ የሚሄደው ልጅ ደግሞ የሚመረምርለትም አልነበረው።

አሁን ለታዳጊዎች ኳስ ፊፋ ዕድሜ መለያ ኤምአርአይ፣ የሰውነትን ውስጥ የሚያነሣ ማሽን፣ አምጥቷል። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ ያነሣሉ። አጥንቱ ሙሉ ለሙሉ ከገጠመ ተጫዋቹ ከተፈቀደው ዕድሜ በላይ ነው ማለት ነው። ጥሩ ነው። የእኛ ሰፈር ሜዳ ላይ ግን ማሽን የለም። ያለሁት እኔ ነኝ።

ወዳጄን እምቢ አልኩት። ልጁን ከትልልቆቹ ጋር አስገባዋለሁ፣ እኔው ራሴ ማታ ማታ አለማምደዋለሁ አልኩት። ተቆጣ። «ለወረቀት ብለህ የልጅ ዕድል ትዘጋለህ» አለኝ። ያው የእኔ የድሮ ቃል ነው። ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቶኝ ፊቱን አዞረ። ያኔ እኔ ፊቴን ሳዞርብዎ ምን እንዳደረገዎት የገባኝ ይሄኔ ነው። እንዴት ቻሉት? ወራት ሙሉ አንድም ቀን አልገሰጹኝም። ጠዋት ሮጬ ስመለስ ግን ውኃው ሞቆ ይጠብቀኝ ነበር።

ልጁ ባለፈው ሐሙስ መጣ። እናቱ ከአገር ቤት ደውላ ይሂድ ብላለች አሉ። ትልልቆቹ በትከሻ እየገፉ ሁለቴ ጣሉት። ሁለቴም ተነሣ። ስናበቃ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ልደቴ ጥቅምት ላይ ነው» አለኝ። ያልጠየቅሁትን።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። የልጆቼን የልደት ቀን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ዳዊቱ ጀርባ ላይ፣ ከእኔ ስም ሥር ቦታ ካለ ይጻፉልኝ። እጅዎ ከተንቀጠቀጠ እህቴ ትያዝልዎ እንጂ፣ ጽሑፉ የእርስዎ ይሁን።

ልጅዎ