አጥንቱን አስቀድሚ

ልጄ፣ እንዴት ነሽልኝ?

የላክሽልኝን ንድፎች ደጋግሜ አየኋቸው። እጅሽ ፈታ ብሏል። "የጡንቻዎቹን ስም መሸምደድ አቃተኝ" ያልሽው ግን አሳቀኝ። ማን ሸምድጂ አለሽ? የሰው ልጅ ከ600 በላይ ጡንቻ አለው። አንቺ ደግሞ ሠዓሊ እንጂ ቀዶ ጠጋኝ ልትሆኚ አይደለም።

በእኔ ቤት መጀመሪያ አጥንት ነው። 206ቱንም አላልኩም፤ ቆዳ ሥር በጣት የሚዳሰሱትን ብቻ። ጡንቻ ይወጠራል፣ ይላላል። ስብ ይመጣል፣ ይሄዳል። የአንገት አጥንት፣ ክርን፣ የጉልበት ሎሚ፣ ቁርጭምጭሚት ግን ሰውዬው ወፈረም ከሳም ቦታቸውን አይለቁም። መለኪያሽ እነሱ ናቸው። ቁርጭምጭሚትሽን እስኪ እይው፤ የውስጠኛው ጉብታ ከውጭኛው ከፍ ይላል። አንቺ እኩል አድርገሽ ነው የሳልሽው፣ ለዚህ ነው እግሩ የደረቀብሽ።

አሁን እርሳሱን አስቀምጪና ክንድሽን ጠረጴዛ ላይ አጋድሚ። መዳፍሽ ወደ ላይ ይሁን። ከክርን እስከ እጅ አንጓ ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል። በትንሿ ጣት በኩል ያለውን ከክርንሽ ጫፍ ጀምረሽ በሌላው እጅሽ ተከተይው። እስከ አንጓው ድረስ ሳይቋረጥ ይዳሰሳል። ከዚያ ክርንሽን ሳታነቃንቂ መዳፍሽን ገልብጪ። የተከተልሽው አጥንት እዚያው ነው ማለት ይቻላል። በአውራ ጣት በኩል ያለው ነው ተሻግሮ ላዩ ላይ የተጋደመው። ሥጋውም አብሮት ዞረ፣ የክንዱ ቅርጽ ተለወጠ። ሦስተኛው ንድፍሽ ላይ ያለው ሰውዬ እጁ ከሌላ ሰው ተወስዶ የተሰፋበት የመሰለው ለዚህ ነው፤ መዳፉን ገልብጠሽ ክንዱን ረሳሽው። ደግሞ ጣቶቹን አታሳብጪ። ጣትን የሚያጥፉት ትልልቆቹ ጡንቻዎች ክንድ ላይ ናቸው፣ ወደ ጣት የሚደርሰው ጅማታቸው ብቻ ነው።

ፊት ላይ ብዙ አልልሽም፣ ዓይንሽ ጥሩ ነው። ግን ዓይኖቹን ዝቅ አድርጊልኝ። የአዋቂ ሰው ዓይን ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት መሃል አካባቢ ነው የሚውለው። ግንባርና ፀጉር ባዶ ቦታ ስለሚመስለን ሁላችንም ከዚያ ላይ እንሰርቃለን። ዓይን ራሱ ኳስ ነው፣ ቆቡም ውፍረት አለው። የላይኛው ቆብ ነጩ ላይ ጥላ ይጥላል። ነጩን እንደ ወረቀቱ ከተውሽው ሰውዬው የደነገጠ ይመስላል።

አንገቱንም ቱቦ አታድርጊው። መስታወት ፊት ቆመሽ ፊትሽን ወደ ግራ አዙሪ። ከቀኝ ጆሮሽ ጀርባ ተነስቶ ወደ ደረት አጥንት የሚወርድ ጡንቻ ገትሮ ይወጣል። የፊት ሥዕል ከትከሻ ጋር የሚገናኘው በእሱ ነው። ስሙን ካላወቅሽው ምንም አይደል፤ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ ካወቅሽ በቂ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እፈራልሻለሁ። አናቶሚ (የሰውነት አሠራር ጥናት) የቀመሰ ሰው ያወቀውን ሁሉ ማሳየት ያምረዋል። የቆመን ሰው ሁሉ ጡንቻ ያስገትረዋል። ሬሳ እየከፈተ ያጠና የነበረው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ራሱ እንዲህ ያለውን ሥዕል ከለውዝ ከረጢት ጋር እያመሳሰለ ተሳልቆበታል። ክብደት የተሸከመውን እግር አጥብቂ፣ ያረፈውን ተይው። ደግሞ ሰው በአንድ እግሩ ሲቆም በዚያ በኩል ያለው ዳሌ ከፍ፣ ትከሻው ዝቅ ይላል። ይህን ከያዝሽ ግማሹ ሥራ አለቀ፤ ጡንቻው ቢቀርም ሰውየው ይቆማል።

በሚቀጥለው ፊት አትላኪልኝ። ክንድ ላኪልኝ፤ መዳፉ ወደ ላይም፣ ወደ ታችም ሆኖ። ጥላ አታድርጊበት፣ መስመሩን ብቻ ማየት እፈልጋለሁ።

አባትሽ