የአስማተኛው ናፍጣ፦ የጠረጴዛ ጨዋታ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ከአንድ ጥያቄ ጋር ሲታገል ከረመ። አስማተኛው ሁሉን ነገር ብቻውን ከጨረሰው፣ ሌላው ልጅ ጠረጴዛው ላይ ምን ይሠራል?

ለማያውቁን አንባቢዎች ጨዋታውን ባጭሩ ልንገራችሁ። አምስት ስድስት ልጆች ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ ጌም ማስተር ነው። ታሪኩን ይተርካል፣ ጠላቱን ያንቀሳቅሳል፣ ይዳኛል። ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ (አስማተኛ፣ ተዋጊ፣ ሌባ፣ ፈዋሽ) ይዘው "እኔ እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚለውን ዳይስ ይወስነዋል። የዚህ ጨዋታ አባት ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አሳተሙት። እኛ የምንጫወተው በአምስተኛው እትም ሕግ ነው። የዚህ እትም መሠረታዊ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2023 ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት ስለተለቀቀ፣ የምንፈልጋቸውን ገጾች አትመን ሠራንባቸው።

ዳይሱ ነበር ችግሩ። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ፍለጋ የድሬዳዋን ከፊራ ገበያ ዞርን፣ አጣን። ስለዚህ መስከረም ላይ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ፌስታል ውስጥ ከተን ማውጣት ጀመርን። ሦስተኛው ሳምንት ላይ አስማተኛውን የያዘው የ9ኛ ክፍል ልጅ ተራው በደረሰ ቁጥር "እኔ እጠብቃለሁ" ማለት አበዛ። ምን ሆነሃል ስለው ደብተሩን አዙሮ አሳየኝ። የወጡትን ቁጥሮች አንድ በአንድ እየሰረዘ ነበር። ለካ የወጣውን ወረቀት ወደ ፌስታሉ አንመልስም ነበር። ልጁ ትንንሾቹ ቁጥሮች ወጥተው እስኪያልቁ አድፍጦ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። የዚያን ቀን ፕሮባብሊቲ ያለ ቾክ ገባቸው። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ ይመለሳል፣ ፌስታሉም በደንብ ይነቀነቃል።

ታሪኩን ልጆቹ ወደ ሰፈራቸው አመጡት። የሲራራ ነጋዴዎች ከድሬ ተነሥተው፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው፣ የደንገጎን ዳገት ወጥተው ሐረር ጀጎል ይገባሉ። የኛዎቹ አጃቢ ናቸው።

ኅዳር ላይ ገጸ ባሕርያቱ ጉልበታቸው አድጎ ሌቭል 5 ደረሱ። መከራው የጀመረው ያኔ ነው። ደንገጎ መታጠፊያው ላይ ዘጠኝ ሽፍቶች መንገድ ዘጉ። ተዋጊዋን የያዘችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለዚህ ቀን ሳምንቱን ሙሉ ስትዘጋጅ ነበር። ግመሎቹን የት እንደምታስጠጋ፣ የቱ ድንጋይ ሥር እንደምትቆም በወረቀት ሥላ መጣች። የመጀመሪያው ተራ ግን ለአስማተኛው ወጣ። ፋየርቦል የሚባለውን፣ አካባቢውን ሁሉ በአንዴ የሚመታ የእሳት ኳስ ስፔል (አስማት) ለቀቀ። የፋየርቦል ጉዳት የስምንት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ድምር ነው፤ በአማካይ 28። የአንድ ሽፍታ የሕይወት ነጥብ 11 ነው። ዘወር ብሎ ያመለጠው እንኳን ግማሹን ይቀምሳል፣ 14 ገደማ። ዘጠኙም አለቁ። ልጅቷ ሥዕሏን አራት ቦታ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ቲቸር፣ እኔ ታዲያ ለምን መጣሁ?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

መጀመሪያ የመጣልን ሐሳብ ፋየርቦልን ማዳከም ነበር። ከስምንት ዳይስ ወደ ስድስት አወረድነው፤ አማካዩ 21 ሆነ። ሁለት ሳምንት ሞከርነው። ምንም አልረባም። አሁን ሁለት ሦስት ሽፍታ በአንድ ነጥብ ነፍስ እያቃሰተ ይተርፋል፣ ተዋጊዋ ደግሞ የሌላ ሰው ትርፍራፊ ትለቅማለች። አስማተኛው ልጅም አኮረፈ፤ እውነቱን ነው። በዚህ መሀል ሌባውን የያዘው ልጅ የራሱን ቅሬታ አመጣ። ቁልፍ መክፈት የሱ ሙያ ነው። አስማተኛው ግን ኖክ በሚባል ስፔል በሩን ሁሉ ይከፍታል። ጉዳዩ የጉዳት መጠን ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ጠረጠርን።

ታኅሣሥ ላይ የአንድ ልጅ አባት መጡ። "ጥንቆላ ታስተምራላችሁ አሉ" አሉኝ። ጥያቄውን አቅልዬ አላየሁትም። እኛ አገር ድግምት ከተረት አልፎ ሰው ከልቡ የሚፈራው ነገር ነው፤ ወላጅ መጥቶ መጠየቁም ተገቢ ነው። ቁጭ ብለው እንዲያዩ ለመንኳቸው። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጥተው አንድ ሰዓት ተኩል ዝም ብለው አዩ። ሲነሡ ስለ ጥንቆላ አንድም ቃል አልተናገሩም። አስማተኛውን በጣታቸው እያሳዩ፦

"ይሄ ልጅ ናፍጣውን የት ነው የሚሞላው?" አሉ።

ልጆቹ በየአዳሩ እንደሚሞላ ነገሯቸው።

"በየመታጠፊያው ማደያ ካለማ ማን ይቆጥባል?"

እሳቸው እንደሄዱ ቦርዱ ላይ ወጣን። ናፍጣው በጨዋታው ስሎት ይባላል፤ ስፔል ሲለቀቅ አንድ ስሎት ይበላል። አስማተኛው ሌቭል 5 ላይ 9 ስሎት አለው። አራቱ ለአንደኛ ደረጃ ስፔል፣ ሦስቱ ለሁለተኛ፣ ሁለቱ ለሦስተኛ። ፋየርቦል ሦስተኛ ደረጃ ስለሆነ በቀን የሚለቀቀው ሁለቴ ነው። ተዋጊዋ በአንድ ተራ ሁለቴ ትሰነዝራለች፤ ሁለቱም ካገኙ 15 ገደማ ትጎዳለች። ከ28 ጋር ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ አያልቅባትም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የጌም ማስተር መመሪያ በአንድ ቀን ከ6 እስከ 8 ግጭት አስቦ ነው የተጻፈው። እኛ ዓርብ ዓርብ ያለን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ግጭት ተጫውተን፣ "መሸ፣ ነጋ" ብለን ወደ ቤት። አስማተኛው ለስምንት ግጭት የተሰጠውን ናፍጣ በአንዱ ላይ ያፈሰዋል። ጥፋቱ የፋየርቦል አልነበረም፤ የኛ ቀን ነው ያጠረው።

አዲሱን ሕግ ልጆቹ ራሳቸው አወጡት። መንገድ ላይ ማደር እንደ አጭር እረፍት ይቆጠራል። ስሎት ሙሉ በሙሉ የሚመለሰው ከጀጎል አምስት በሮች በአንዱ ገብተው፣ ግንቡ ውስጥ ካደሩ ብቻ ነው። ፋየርቦልንም ወደ ስምንት ዳይሱ መለስነው። በክበባችን ከዚያ ወዲህ ስሎት የሚል የለም። "ስንት ናፍጣ ቀረህ?" ነው።

ከድሬ ሐረር አራት ዓርብ ፈጀብን። በሦስተኛው ዓርብ ሌሊት ላይ ጅቦች ግመሎቹን ከበቡ። አስማተኛው የቀረው አንድ ፋየርቦል ነው። እጁ ፌስታሉ ላይ ደርሶ ቆመ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ተዋጊዋ ወንበሯን ሳብ አደረገች። "አቦ ተወው፣ እኔ አለሁ" አለችው። የጅብ ሕይወት 5 ነጥብ ስለሆነ በየተራው ሁለት ሁለት ጣለች። አስማተኛው በየምቱ ከሁሉም በላይ ሲጮህ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከሠራነው እኔ ይቺን ደቂቃ እመርጣለሁ።

ሁሉም ግን አልተስተካከለም። የካቲት ላይ አስማተኛው ቁጠባውን አበዛውና ሁለት ዓርብ ሙሉ ቁጭ ብሎ አሳለፈ። መድኃኒቱ ሕጉ ውስጥ ነበር። ፋየር ቦልት የምትባለው ትንሿ ስፔል ናፍጣ አትበላም፣ በሌቭል 5 በአማካይ 11 ትጎዳለች። ከተዋጊዋ 15 ታንሳለች፤ ማነስም አለባት። ሌላው ስህተት የኔ ነው። አንዳንድ ስፔሎች ትኩረት ይጠይቃሉ። እንዲህ ያለ ስፔል በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ መያዝ አይቻልም፤ ያዡ ከተመታም ሊያመልጠው ይችላል። ይህን ሕግ እስከ መጋቢት ዘልዬው ነበር። አስማተኛው ራሱንም ጓደኛውንም በአንድ ጊዜ ሰውሮ ሲሄድ ዝም ብያለሁ። ሕጉን ስንመልሰው ጠላት አስማተኛውን መምታት ጀመረ፣ ተዋጊዋም ከፊቱ መቆም ጀመረች።

በወላጆች ቀን አንድ ጠረጴዛ ዘርግተን አሳየን። ሰኔ ላይ ሙቀቱ ስለበረታ ክፍሉን ትተን ዛፍ ሥር ተጫወትን።

የዓመቱ የመጨረሻ ዓርብ ከጀጎል በሮች አንዱ የሆነው አሱም በሪ ደረስን። መሽቷል፣ በሩ ተዘግቷል። አስማተኛው ለኖክ የሚበቃ ናፍጣ አለው። ግን ኖክ ሲለቀቅ 300 ጫማ ድረስ የሚሰማ ድምፅ ያወጣል፤ ጅቦቹም ሩቅ አይደሉም። ሌባው "ቆይ፣ ቆይ" አለና እጁን ፌስታሉ ውስጥ ከተተ። 17 ወጣ። በሩ ያለ ኮሽታ ተከፈተ።

ፈዋሿን የያዘችው ልጅ ግን ቅሬታ አላት። የአስማተኛው ናፍጣ ሲያጥር የሷም አብሮ አጠረ፤ እሷ ደግሞ ቀድሞም ማንንም አላስቸገረችም ነበር። ልክ ናት። መስከረም ላይ የምንጀምረው ከሷ ነው።