ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ደብዳቤ ለልጄ

ሚሚዬ፣

ትናንት ግማሹን እንኳ ሳትሰሚኝ ኔትወርኩ ጠፋ። እናትሽም «ጎረቤት ሁሉ የመኪናዋን በሽታ ሰማ እኮ» እያለች አላስወራችኝም። ስለዚህ ተረጋግቼ ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

መሪው ጠዋት ጠዋት «ዊይይ» ይላል፣ ሳዞረው ይብስበታል፣ ሲሞቅ ይተወኛል ብለሽኛል። እሱ የመሪው ፓምፕ ለቅሶ ነው። የመሪው ዘይት ጎድሎ አየር ሲስብ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያደርገዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ድምፁ አይደለም። የጋራዡ ልጅ «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው፣ ያለውን ልጨምርልሽ» ማለቱ ነው። እንኳንም እምቢ አልሽው።

እኔ እምቢ የሚለኝ ሰው አጠገቤ አልነበረም። አንቺ ሳትወለጂ ነው። የአጎትሽን ኮሮላ ተውሼ ወደ ደብረ ብርሃን ስሄድ ሸኖ አካባቢ መሪው ጮኸብኝ። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ የመሪው ዘይት ወርዷል። መኪናው ውስጥ ያለችው ብቸኛ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ነበረች። «ያው ዘይት አይደል!» አልኩና ገለበጥኩት። ድምፁ ቀጥ አለ። በጣም ኮራሁ። ወር ሳይሞላ ግን መኪናው በቆመበት ሁሉ መሬቱ ይረጥብ ጀመር። ፓምፑ ሲፈታ አንዱን ጎሚኒ፣ ማለትም ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያሽገውን ላስቲክ፣ በጣቴ ብነካው እንደራሰ እንጀራ ተቆረሰ።

የፍሬን ዘይት ዘይት ይባል እንጂ ዘይት አይደለም። የሚሠራው ግላይኮል ከሚባል ኬሚካል ነው። ለእውነተኛ ዘይት የተሠራውን የመሪ ጎሚኒ ያሳብጠዋል፣ ያልፈሰፍሰዋል። ፓምፑንም የመሪውን ሳጥንም ከደሞዜ ከፈልኩ። አጎትሽ እስከ ዛሬ ሰርግ ላይ ሳይቀር ያነሣብኛል። ተገላቢጦሹ ደግሞ ይብሳል። የመሪ ዘይት ፍሬን ውስጥ ከገባ የፍሬኑ ጎሚኒዎች ያብጣሉ፣ ፍሬን እስከማጣት ያደርሳል። የመሪውም የፍሬኑም ዘይት ክዳኖች ከኮፈኑ ሥር ናቸውና ማንም ሲከፍት አጠገቡ ቁሚ። ቅር ይበለው።

አሁን ወደ ያንቺ ኮሮላ። የመሪውን ዘይት ክዳን በጨርቅ ጥረጊው። አቧራና ዘይት ተጋግሮበት ጥቁር መስሎ ይሆናል፣ በደንብ እሺው። የመሪ ምልክት ታያለሽ፣ ጽሑፉም «ኤቲኤፍ ዴክስሮን 2 ወይም 3» ይላል። በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት በሚታገዝ መሪ የሚሠሩት የመኪናሽ ዘመን ኮሮላዎች የሚጠጡት እሱን ነው። ኤቲኤፍ ማለት የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ካምቢዮሽ ማንዋል ሆኖ ለመሪው የአውቶማቲክ ዘይት መግዛትሽ ግራ አያጋባሽ። ሱቅ ገብተሽ «የመሪ ዘይት» ብቻ ካልሽ ግን ሻጩ የቀረበውን አንሥቶ ይሰጥሻል። ስሙን ጠርተሽ ጠይቂ።

ዴክስሮን የጄኔራል ሞተርስ ስም ነው። ኩባንያው ለዴክስሮን 3 ፈቃድ መስጠቱን በፈረንጆቹ 2006 ስላቆመ፣ ዛሬ የምታገኚው «የዴክስሮን 3ን መስፈርት ያሟላል» የሚለውን ነው። የጠርሙሱን ፊት ተዪው፣ ፊቱ ማስታወቂያ ነው። ጀርባውን አንብቢ። ዴክስሮን 6 ከ3 ቀጠን ያለ ነው። ክዳንሽ 3 ካለ እኔ ብሆን 3 ነው የምፈልገው። አንድ ሊትር ይበቃሻል፣ ይተርፍሻልም።

ቀይነቱ ደግሞ ማቅለሚያ ነው። ሲፈስ ከሞተር ዘይት እንዲለይ ተብሎ የተጨመረ። በቀለም ብቻ መሄድ እንዴት እንደሚያሳስት ልንገርሽ፦ በብዙ ቶዮታ ራዲያተር ውስጥ ያለው ኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽም ቀይ ነው። መኪናሽ ሥር ቀይ ጠብታ ካየሽ በጣትሽ ንኪው። የሚያሟልጭ ከሆነ የመሪ ወይም የካምቢዮ ነው። እንደ ውሃ ከሆነ ወደ ራዲያተሩ ተመልከቺ።

«የሥራ ባልደረባዬ ሆንዳ አላት፣ ትርፍ ጠርሙስ ትሰጠኛለች» ያልሽውንም ተዪው። ሆንዳ የራሱን የመሪ ዘይት ነው የሚፈልገው፣ ኤቲኤፍ እንዳይጨመር መመሪያው ላይ ያስጠነቅቃል። ብዙ የጀርመን መኪኖች ደግሞ አረንጓዴ ይጠጣሉ፣ ከቀዩ ጋር አይደባለቅም። ቪትዝ ያላት እህቷ ግን ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ናት። የቪትዝ መሪ በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚታገዘው፣ ዘይት የለውም። ለቪትዝ የመሪ ዘይት ልቀይር የሚላት ካለ ቁልፏን ተቀብላ ትሂድ።

የዘይቱን ልኬት ጠዋት እዪው፣ ሜዳ ላይ፣ ሞተር ሳታስነሺ። የመሪው ዘይት የሚቀመጥበት ዕቃ ላይ የቀዝቃዛና የሙቅ መስመር አለ። አንቺ የምታዪው የቀዝቃዛውን ነው። ከመስመሩ በታች ከሆነ በትንሽ በትንሹ ጨምሪ፣ አታትረፍርፊው። ከዚያ አስነሽና መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለሽ ጥቂት ጊዜ አመላልሺው። ዳር ላይ ግን ጥርቅም አድርገሽ አትያዢው፣ ፓምፑን ታስጨንቂዋለሽ። አረፋ ካየሽ አየሩ ገና አልወጣም ማለት ነው።

ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተሽ መጨመር ብቻ አይበቃም። ከፋርማሲ ትልቅ ሲሪንጅ ግዢ፣ ከላይ ያለውን ምጠጪና በአዲስ ተኪው። ጥቂት ቀን ንጂና ድገሚው። ቀዩ እስኪጠራ ሦስት አራት ጊዜ ይፈጅ ይሆናል። ሜካኒኮች ይስቁብኛል፣ ግን ይሠራል።

አንድ የሚያሳስበኝ ግን አለ። የመሪ ዘይት እንደ ነዳጅ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከጎደለ የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። ዛሬ ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሞተሩ ሥር አንጥፊ። ጠዋት ከመንቀሳቀስሽ በፊት ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ የትኛው ጎማ በኩል እንደሆነ እንዲታየኝ ሰፋ አድርገሽ። እናትሽ ከዘይቱ በፊት ሽሮው ደረሰ ወይ ብላለች።

አባትሽ